የእናቴን ፎቶዎች በምን ልለጥፋቸው? አንድ ጥያቄና 34 መልሶች

መነሻው

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ነው የምኖረው። እናቴ አንድ አሮጌ አልበም አላት። ገጾቹ የሚያጣብቁ፣ ከላይ በስስ ላስቲክ የሚሸፈኑት ዓይነት ነው። በብዙ ቤት ነበረ፤ ታውቁታላችሁ። 43 ፎቶ ይዟል። ካርቶኑ ቡኒ ሆኗል። ላስቲኩ ደርቋል። አንዳንዱ ፎቶ ጨርሶ አልላቀቅም ብሏል።

አዲስ አልበም በእጄ ልሠራላት ተነስቻለሁ። ገጹ 30 በ30 ሳንቲሜትር ይሆናል። ዳር ዳሩን በስፌት መኪና እሰፋዋለሁ። ከአያቴ ነጠላ የተረፈ ጥለት አለኝ፤ እሱን ከፎቶዎቹ ጎን አደርገዋለሁ። ቁልፍና ጨሌም እጨምርበታለሁ። አንድ ገጽ ለሙከራ በኮላ ሠርቼ ነበር። በማግስቱ ወረቀቱ ተጨማድዶ አገኘሁት። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ፎቶውን በምን ልለጥፈው? በፎቶው ላይስ መስፋት ይቻላል?

ይህን የጻፍኩት እሑድ ማታ ነበር። በሁለት ሳምንት ውስጥ 34 መልስ መጣ። ዘግይታችሁ የገባችሁ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ ከብዷችሁ ያንኑ ጥያቄ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር እነግራችኋለሁ። የተደጋገመውን አልፈዋለሁ። ፍሬ ያለው ላይ ቆም እላለሁ።

መልስ 1። አዳማ የምትኖር እህት ናት። እናቴን መረቀችልኝ፣ ዕድሜ ለመነችላት። ከዚያ ወደ ነገሩ ገባች። ሙጫ ፎቶውን ራሱን ባይነካው እንደሚሻል ነገረችኝ። ፎቶው በአራቱም ጫፎቹ ትንንሽ የወረቀት ኪስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሙጫው የሚቀባው ከኪሱ ጀርባ ነው። ነገ ፎቶውን ማውጣት ቢያስፈልግ ሳይጎዳ ይወጣል። ኪሱን እቤቷ የምትሠራበትን መንገድም አስረዳች። ቁመቱ 2፣ ርዝመቱ 4 ሳንቲሜትር የሆነ ነጭ ወረቀት ትቆርጣለች። አግድም ታስቀምጠዋለች። ሁለቱን የላይ ጫፎች ወደ ታችኛው ጠርዝ መሃል ታጥፋቸዋለች። ሦስት ማዕዘን ኪስ ይወጣዋል። ለ43 ፎቶ 172 ኪስ ማለት ነው። እሷ ከልጆቿ ጋር ቴሌቪዥን እያየች በአንድ ምሽት ከመቶ በላይ ማጠፏን ጽፋለች። እኔ ከ34ቱ አንድ ብቻ ያዢ ብባል ይህን ነው የምይዘው። ገና በመጀመሪያው ቁጥር መጣ፤ ብዙዎቻችን ግን አልፈነው ሄድን።

መልስ 2። አንድ ወጣት ፎቶዎቹን በስልክ አንስቶ ማስቀመጥ እንደሚቀል በትሕትና አሳሰበ። ልክ ነው፣ መነሳት አለባቸው። ይህ ግን ለአልበሙ ምትክ አይሆንም። እናቴ ስልክ ላይ ፎቶ ስታይ ጣቷ እየነካው ያልፋታል። አልበም ስታይ ግን ጭኗ ላይ አድርጋ ታወራለች።

መልስ 3። ፒያሳ አካባቢ ልብስ የሚሰፋ ወንድማችን ስለ ስፌቱ በሰፊው ጻፈ። ወረቀት የስፌት መኪና እንደሚችለው፣ ነገር ግን መርፌውን ቶሎ እንደሚያደነዝዘው ነገረን። ስለዚህ ለወረቀት የሚሆን መርፌ ለብቻው መለየት አለበት፤ በዚያ መርፌ ተመልሶ ልብስ መስፋት ክር ይስባል። ስፌቱ ሰፋ ማለት አለበት፣ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር። ደቃቅ ስፌት ወረቀቱን እንደ ቴምብር ዳር ይበሳሳዋል፣ ከዚያ ሲነካ ይቀደዳል። መነሻና መድረሻው ላይ ልብስ እንደሚደረገው ወደ ኋላ ተመልሶ መደራረብም አይገባም፤ እዚያው ይቆረጣል። ክሩን አስረዝሞ መተው፣ ጫፎቹን ወደ ጀርባ ስቦ ማሰር ነው። መርፌውን ግን ቁጥር 16 አለ።

መልስ 4። እዚህ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ የሆነች ልጅ አረመችው። ቁጥር 16 ለጂንስ ነው፣ ወረቀት ላይ ሚስማር የበሳው ይመስላል። 11 ወይም 12 ይበቃል። ከሰፉ በኋላ መኪናውን ከታች ከፍቶ በብሩሽ መጥረግ እንደሚያስፈልግም ጨመረች። የወረቀት ብናኝ እዚያ ይከማቻል፣ ዘይት ሲያገኘው ይጋገራል።

መልስ 5። ሰፊው ተመልሶ መጣ። እርማቷን ተቀበለ። እሱ ያሰበው ወፍራሙን ካርቶን ለሽፋን መስፋት ነበር፤ ለዚያም ቢሆን 14 እንደሚበቃ አመነ። እንዲህ ያለ እርማት መቀበል ደስ ይላል።

መልስ 6። መኪና ለሌላችሁ ይህቺ ናት። አንዲት እናት ሰፌድ ከሚሰፉበት ወስፌ የተሻለ መሣሪያ እንደሌለ ነገሩን። ወረቀቱን የታጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ስፖንጅ ላይ ያደርጉታል። በእርሳስ በየ5 ሚሊሜትሩ ነጥብ ያስቀምጣሉ። ነጥቡን በወስፌ ይበሳሉ። ከዚያ የጥልፍ ክር አስገብተው ይሰፋሉ። የጥልፍ ክሩ ስድስት ዘር ስለሆነ ሁለቱን ብቻ ነጥለው ይጠቀማሉ፤ ስድስቱም ከገባ ቀዳዳውን ያሰፋዋል። በስተመጨረሻ ከፎቶው ላይ እጄን እንዳነሳ አስጠነቀቁኝ። የሚሰፋው ገጹ እንጂ ፎቶው አይደለም። በፎቶ ላይ መስፋት ያማረው ሰው ኮፒውን አሳትሞ እሱን ይስፋ። ሁለተኛው ጥያቄዬ በዚህ ተመለሰ።

መልስ 7። አንድ ሰው ማስቲሽ ብሎ አንዲት ቃል ጽፎ ወጣ።

መልስ 8። ከዚህ በኋላ ነገሩ ጠነከረ። ብዙ ዓመት ፎቶ ቤት የሠሩ ጋሼ ናቸው። ማስቲሽ ለጫማ እንጂ ለፎቶ እንዳልሆነ በቁጣ ጻፉ። ውስጡ ያለው ጎማ ሲያረጅ ቡኒ ይሆናል፣ ቀለሙ ወረቀቱን ዘልቆ በፎቶው ፊት በኩል ይወጣል። ስኮች ፕላስተርም ያው ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያምራል። በኋላ ፕላስቲኩ ይረግፍና ቢጫ ሙጫው ብቻ ይቀራል፤ ያ ቢጫ አይለቅም። ኮላን ግን ሙሉ በሙሉ አልከለከሉም። የተጨማደደብኝ ብዙ ውሃ ስላለውና በጣቴ አወፍሬ ስለቀባሁት ነው። ያለቀ የሞባይል ካርድ ይዞ በስሱ መግፋት፣ ከዚያ በሁለት ንጹሕ ወረቀት መሃል አድርጎ ከባድ መጻሕፍት ጭኖ ማሳደር ነው። ሆኖም ኮላ አንዴ ከደረቀ አይመለስም። ስለዚህ ለጥለቱና ለወረቀቱ እንጂ ለዋናው ፎቶ አይሆንም።

አጻጻፋቸው ሻከር ያለ ነበር። ቢሆንም ለእኔ የጠቀመኝ ይኼው ነው።

መልስ 9 እና 10። አንድ ተማሪ ጥለቱን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ ፈጣን እንደሆነ መከረ። ወዲያው የኬሚስትሪ አስተማሪ የሆነች እህት አቋረጠችው። ሱፐር ግሉ ጥጥ ላይ ሲፈስ በጣም ፈጥኖ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ሙቀት ያወጣል። ብዙ ከፈሰሰ ጣት ያቃጥላል፣ ሊጨስም ይችላል። ነጠላ ደግሞ ጥጥ ነው። ይህን አላውቅም ነበር። ልጆች ያላችሁ እባካችሁ ልብ በሉልኝ። ጥለቱን እኔ በመጨረሻ አልለጠፍኩትም፤ በመርፌ ዳሩን ይዤ ገጹ ላይ ሰፋሁት። ሙጫ ሳይነካው ቆንጆ ሆኖ ተቀምጧል።

መልስ 11። ልጅነታቸውን ያስታወሱን አባት ናቸው። በእሳቸው ጊዜ ደብተር የሚጠገነው ዱቄት በውሃ አፍልቶ ወይም ከግራር ላይ ሙጫ ለቅሞ በማሟሟት ነበር። ለምን ወደዚያ አንመለስም ነው ሐሳባቸው።

መልስ 12። በቤተ መጻሕፍት የምትሠራ ሴት በአክብሮት መለሰችላቸው። ሐሳቡ እውነት አለው። በዓለም ላይ አሮጌ መጽሐፍና ወረቀት የሚጠግኑ ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙት የስንዴ ስታርች ነው። በውሃ ሲረጥብ ይለቃል፤ ለዚህ ነው የሚመረጠው። ልዩነቱ ስታርችና ዱቄት አንድ አለመሆናቸው ነው። ዱቄት ውስጥ ሊጡን የሚያለጥጠው ነገር አለ፣ እሱ ከጊዜ በኋላ ይጠነክራል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ነፍሳትም ይጠራል። እቤት ለመለየት ሊጥ አቡክቶ በውሃ ውስጥ እያሹ ማጠብ ነው። ውሃው ነጭ ይሆናል። አሳድሮ ከላይ ያለውን ውሃ ማፍሰስ። ከታች የዘቀጠው ስታርች ነው። አንድ እጅ ስታርች በአምስት እጅ ውሃ በትንሽ እሳት እያማሰሉ እስኪያብረቀርቅ ማብሰል፣ አቀዝቅዞ በወንፊት ማሳለፍ። የሚቆየው ጥቂት ቀን ብቻ ነው። የግራሩ ሙጫ ግን ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ለአልበም አልመከረችውም።

እኔ ሞክሬዋለሁ። ኪሶቹን ሁሉ ያጣበቅኩት በዚህ ነው። ወረቀቱ አልተጨማደደብኝም።

መልስ 13። በረሮ የአጎቷን የሠርግ አልበም እንዴት እንደበላው የምትተርክ እህት። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ነበር። አልበሙ ቁም ሳጥን ላይ ሦስት ክረምት ተረስቶ ቆየ። ሲከፈት የሙሽሪት ቀሚስ ጫፍ ጫፉ የለም። መልስ 12ን በደንብ ያሰመረበት እሷ ናት።

መልስ 14። እዚህ ላይ ሙቀቱ ጨመረ። አንድ ወንድም ኑሮ በዚህ መጠን በተወደደበት ጊዜ ስለ ጨሌና ቁልፍ ማውራት የተትረፈረፈው ሰው ሥራ ነው፣ ነገሩም የፈረንጅ ልማድ ነው አለ።

መልስ 15። የተመለሰለት በዚያው ቃና ነው። መልስ ሰጪዋ እንደ ጻፈችው፣ የቁልፍ መግዣ ያጣ ሰው ካረጀ ሸሚዝ ይፈታዋል። ቁርጥራጭ ጨርቅ ልብስ ሰፊ ዘንድ በነጻ ይገኛል። ወንድማችን አልበም የማይፈልግ ከሆነ ጥያቄውን ማለፍ ይችል ነበር።

መልስ 16። ሌላ ሰው ደግሞ የፈረንጅ ልማድ የተባለውን ያዘ። በየቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፍሬም ነበረ። ውስጡ ሃያ ሠላሳ ፎቶ ተደርድሮ፣ ጉርዱ፣ የክርስትናው፣ የሠርጉ፣ የምርቃቱ። ማዕዘኑ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ከላዩ የኪሮሽ ዳንቴል። ያንን የደረደሩት እናቶቻችን ናቸው። ማንም አላስተማራቸውም። ይህን ሳነብ የአያቴ ሳሎን ፊቴ ላይ መጣ።

መልስ 17። የኬሚስትሪ አስተማሪዋ ተመልሳ የነገሩን የውጭ ታሪክ አስታወሰች። ማርክ ትዌይን በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ደራሲ በ1873 እ.ኤ.አ. የፈጠራ ባለቤትነት የወሰደው በአንድ አልበም ነው። ገጹ ላይ ቀድሞ ሙጫ ተቀብቶበታል፤ ውሃ ማስነካትና መለጠፍ ብቻ ነው። የእናቴ አልበምም ያንኑ ምቾት ሊሰጥ የተሠራ ነው። ችግሩ ሙጫው አሲድ መሆኑና ከፎቶው ጋር ዓመታት አብሮ መተኛቱ ነው።

ወጪውን በተመለከተ የእኔን ልናገር። መልስ 14 ስለ ገንዘቡ ያለው ሁሉ ስሕተት አይደለም። ጥሩ ወረቀት ውድ ነው። እኔ ግን ቆጥቤ የገዛሁት ወረቀቱን ነው፤ ማስጌጫውን ከቤት አወጣሁ። ጋዜጣ ፀሐይ ላይ ቢውል ቢጫ እንደሚሆን አይታችኋል፤ ከእንጨት ስለተሠራ ነው። ርካሽ ወረቀትና ቡኒ ካርቶን ውስጥም ያው እንጨት አለ። ባለ ቀለም ማኒላ ደግሞ ሲረጥብ ቀለሙን ይለቃል። ነጭ፣ ወፈር ያለ፣ አሲድ የሌለው የሚል የተጻፈበት ወረቀት ካገኛችሁ ጨሌውን ትታችሁ እሱን ግዙ።

መልስ 18። ፎቶ ቤት የሠሩት ጋሼ የእናቴ የቀለም ፎቶዎች ለምን እንደቀሉ ነገሩኝ። ልብ ብላችሁ ከሆነ በቀለም የታጠቡ የድሮ ፎቶዎች ቀይ ወይም ብርቱካናማ ይመስላሉ። ፎቶው ውስጥ ሦስት ቀለም ተደራርቧል። ሰማያዊ መሰሉ ቀድሞ ሲጠፋ የቀሩት ሁለቱ ቀይ ሆነው ይወጣሉ። ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥም ሙቀት ካለ ይጠፋል። ጥቁርና ነጩ ግን ምስሉ ብር ስለሆነ፣ በደንብ ከታጠበ ከልጅ ልጅ ይደርሳል። ስለዚህ ቶሎ ስካን መደረግ ያለባቸው የቀለሞቹ ናቸው። ስካን የሌለው ሰው መስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት፣ ፍላሽ አጥፍቶ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጎ ያንሳ። በዚህ መልሳቸው ቁጣ የለም። አስተማሪ ሆነው ነው የጻፉት።

መልስ 19። ከአሮጌው አልበም ፎቶ የሚላቀቅበት መንገድ። በቢላ መፈልቀቅ አይገባም። የጥርስ ማጽጃ ክር ከፎቶው ስር ከአንድ ጥግ አስገብቶ፣ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጅ ይዞ እንደ መጋዝ ቀስ እያሉ መሳብ ነው። አሻፈረኝ ካለ የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛ ሙቀት ከገጹ ጀርባ በኩል ለጥቂት ሰከንድ ማስጠጋት፣ ከዚያ እንደገና መሞከር። ከመጀመሩ በፊት ፎቶውን እዚያው እንዳለ ማንሳት፤ ቢቀደድ ምስሉ አይጠፋም።

መልስ 20። እዚሁ ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ያደገ ልጅ የጥርስ ክር ካልተገኘ ቀጭኑ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን እንደሚሠራ ጻፈ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ሁለቱንም ሞከርኩ። ናይለኑ ይጠነክራል፣ ግን ይንሸራተታል፣ ወረቀቱንም ሊቆርጠው ይደርሳል። የጥርስ ክሩ ይሻላል። ከ43ቱ 40 ወጡ። ሦስቱ እንቢ አሉ። አልታገልኳቸውም። ገጹን ዙሪያውን ቆርጬ ከነጀርባቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

ከመልስ 21 እስከ 25። እዚህ ከመንገዳችን ወጣን። አንዷን ፎቶ ለምሳሌ ለጥፌ ነበር። እናቴ ሐይቁ ዳር ቆማለች፣ ከኋላዋ ኮረብታ ይታያል። አንዱ ታቦር ነው አለ። ሌላው ዓላሙራ ነው ብሎ ተከራከረ። ሦስተኛው ኮረብታውን ትቶ ከጎኗ የቆመውን አባ ኮዳ አየ፤ ወፉ ያን ጊዜም ሰው አይፈራም ነበር። ከዚያ ወሬው ወደ አሞራ ገደል ዓሣ ሄደ። ሾርባው ከቆሮሶ ነው ከአምባዛ የሚጣፍጠው የሚለው ብቻ ረጅም ሰዓት ወሰደ። እኔም ገብቼ ለቆሮሶ ድምፅ ሰጠሁ። ኮረብታውን የፈታችው እናቴ ናት። ታቦር ነው። አጠገቡ ነበር ያኔ የምትኖረው።

መልስ 26። የቤተ መጻሕፍቷ ሴት ወደ ነገሩ መለሰችን። ስለ ማስጌጫ ያሰብኩትን ሁሉ እንድከልስ አደረገችኝ። ቁልፍና ጨሌ ወፍራም ነው። አልበሙ ሲዘጋ ፊት ለፊቱ ያለውን ፎቶ ይጫነዋል፣ ጠባሳ ይተውበታል። ስለዚህ ወፍራም ነገር ያለበት ቦታ ትይዩ ፎቶ መኖር የለበትም፤ ወይም በመሃል ወረቀት ይገባል። መርፌ ቁልፍ፣ ስቴፕለርና ማንኛውም ብረት በክረምት እርጥበት ይዝጋል። አልበሙን በፌስታል አስሮ ማስቀመጥም እርጥበቱን እዚያው ማፈን ነው። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከውጭ ግድግዳ አርቆ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ስርም አውርዶ ማስቀመጥ ይሻላል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት።

መልስ 27። አንዲት ወጣት ፎቶዎቿን በልብ ቅርጽ ቆርጣ የሠራችውን ገጽ አሳየችን። ቀይ ክር ዙሪያውን ተሰፍቷል። ያምራል።

መልስ 28። ጋሼ ፎቶ መቁረጥ ከመቅደድ እንደማይለይ፣ የዛሬ ልጆች ለምንም ነገር ዋጋ እንደማይሰጡ ጻፉ። ይህ ከበዳት።

መልስ 29። ልጅቷ ስሜቷ ተነክቶ መለሰች። ፎቶዎቹ የራሷ ናቸው፣ ያነሳቻቸው ራሷ ናት፣ ዋናው ፋይል ስልኳና ኮምፒውተሯ ላይ አለ፣ የቆረጠችው ያሳተመችውን ነው። ሳይጠይቁ መፍረዳቸው እንዳሳዘናት አልደበቀችም።

መልስ 30። ጋሼ ይቅርታ ጠየቁ። በሥራ ዘመናቸው ደንበኞች የፈቷቸውን ሰዎች ከሠርግ ፎቶ ላይ በመቀስ እንዲያወጡላቸው ሲያመጡ ብዙ ጊዜ አይተዋል፤ ብቸኛዋ ኮፒ ነበረች፣ ኔጋቲቭም የላት። ያ ትዝታ ነው ያስቆጣቸው። ልጅቷም ተቀበለቻቸው። እኔ በነገሩ ከልጅቷ ጋር ነኝ፤ ኮፒ ከሆነ ቁረጪው፣ ስፊው፣ ቀለም ቀቢው። ግን ጋሼ የፈሩትም ይገባኛል፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ አንዱን አጥቻለሁ። የአያቴን ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ አንድ ሱቅ ወስጄ ላሚኔት አስደርጌው ነበር። እንዲጠበቅ ብዬ ነው። በትኩሱ ማሽን ውስጥ አልፎ ሲወጣ አረፋ ይዞ፣ ግንባሩ ላይ ተሸብሽቦ ወጣ። ላሚኔት አይፈታም። ሌላ ኮፒ የለንም። ስለዚህ ዋናውን ፎቶ ላሚኔት አታስደርጉ። እባካችሁ።

መልስ 31። የፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ መጻፍ እንደሚያሳብጠውና ቀለሙ ወደ ሌላው ፎቶ እንደሚሻገር አንድ አስተማሪ ጻፉ። ለስላሳ እርሳስ ይሻላል። ጀርባው ፕላስቲክነት ያለው አዲስ ፎቶ ግን እርሳስ አይቀበልም፤ ለእሱ ጽሑፉ ገጹ ላይ ይሁን።

መልስ 32። ትልቁን ስሕተቴን ያገኘችው ይህቺ ናት። የታቦሯ ፎቶ ጥግ ላይ ካሜራው ያተመው ብርቱካናማ ቁጥር አለ፦ 93 4 18። እኔ 7 ቀንሼ 1986 ዓ.ም. ብዬ በጥልፍ ክር ገጹ ላይ ሰፍቼው፣ የገጹን ፎቶ እዚሁ ለጥፌ ነበር። ይህቺ መልስ ሰጪ እንዳስረዳችኝ፣ 7 የሚቀነሰው ከመስከረም 1 ጀምሮ የፈረንጆቹ ዓመት እስኪያልቅ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው። ሚያዝያ ላይ ስለሆነ 1985 መሆን አለበት። ቀኑንም ቆጠረችው። ሚያዝያ 10፣ እሑድ፣ የ1985 ፋሲካ።

ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እንሳሳታለን። አልበም ላይ ዓመት ስትጽፉ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አትርሱ። የልጅ ልጆቻችሁ ቁጥሩን ብቻ አይተው የት ይደርሳሉ?

መልስ 33። አንድ የሲዳማ ወንድማችን የእናቱን የፍቼ ጫምባላላ ፎቶዎች በዚህ መንገድ ማስላት እንደማይችል ነገረን። በዓሉ በየዓመቱ በተመሳሳይ ቀን አይውልም፤ አያንቶ የሚባሉ ሽማግሌዎች ኮከብ አይተው ነው ቀኑን የሚያሳውቁት። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበው በዓል ይኼው ነው። ስለዚህ እሱ ዓመቱን የሚያገኘው እናቱን ጠይቆ ነው። በዚያ ዓመት ማን ተወለደ፣ የትኛው ቤት ተሠራ፣ እያለ።

መልስ 34። የአዳማዋ እህት፣ መልስ 1፣ አልበሙ የት እንደደረሰ ጠየቀችኝ።

እነሆ። 14 ገጽ አልቋል። 112 ኪስ አጥፌያለሁ። ጨሌውን ትቼዋለሁ፤ ቁልፎቹ ሽፋኑ ላይ ብቻ ናቸው። የታቦሯን ገጽ ትናንት ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ፋሲካ መሆኑን ስነግራት ቀሚሷን አየችው። አያቴ ጥለቱን ያስጠለፈችላት ለዚያ በዓል ነበር። አልበሙ ላይ የሰፋሁት ቁራጭ የዚያው ጥለት ነው፤ እኔ ከነጠላ የተረፈ መስሎኝ ነበር። ፎቶውን ያነሳው አጎቴ መሆኑንም ነገረችኝ። እሱን እርሳስ ይዤ ከስር ጻፍኩት።

ማታ 6ቱን ፈትቼ 5 ሰፋሁበት። የ6ቱ ቀዳዳዎች ከ5ቱ ጎን ይታያሉ። ወረቀት ላይ የተበሳ አይደፈንም። ገጹን ልቀይረው ብዬ ነበር፣ እናቴ እንደዚሁ ይቆይ አለች።